ስንጥቅ ለኪው

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ስንጥቅ እለካለሁ፤
ግድግዳ ሲናገር ቆሜ እሰማለሁ።
ስንት ሚሊ ሜትር፣ ወዴት አዘነበለ፣
ከየት ተነሣና የት ላይ ቆም አለ፣
ጽፌ፣ ፈርሜበት፣ ለላኩኝ እልካለሁ።
ካሳ አልሰጥም እኔ፤ አልነፍግም፤ እለካለሁ።

ከኦርሌአን በታች፣ ሞርቪዬ ከሚሏት፣
ከሰኔ ጀምሮ ዝናብ ከረሳት
መንደር ደረስኩ አንድ ቀን፣ በነሐሴ ንዳድ፣
ሣሩ እንደ ገለባ ሲንኮሻኮሽ በመንገድ።
አፈሩ ሸክላ ነው። አባቴ ቢያይ ኖሮ
«ዋልካ!» ይለው ነበር፣ በእግሩ ጫር ጫር አድርጎ ጭሮ፤
የበቾ ሰው ነውና ጠባዩን ያውቃል፦
ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲጠማ ይሰነጠቃል፣
በላዩ ያረፈ ሁሉ አብሮት ይማቅቃል።

ማዳም ሶላንዥ ፔርድሪዬ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
በር ላይ ጠበቀችኝ፤ መነጽሯ ባንገቷ፣
እርሳስ እንደ አናጢ በጆሮዋ ሰክታ፤
«በዚህ በኩል ነው፣ ና» አለች፣ ሰላምታውን ትታ።

ስንጥቁ ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር ተነሥቶ
እንደ ደረጃ ይወርዳል፣ ጡብ ለጡብ ተከፍቶ፤
የልጇ ፎቶ የተሰቀለበትን ሚስማር አልፎ
ከበሩ ራስ ላይ ይቆማል፣ አሸዋ አራግፎ።
ዳርና ዳሩ ላይ በእርሳስ ቀን ጽፋበታለች፤
መሐሉ ላይ በጂፕሰም ስስ መስታወት ለጥፋለች።
«ዘበኛዬ ናት ይቺ» አለችኝ፣ ሳትስቅ፤
«ቤቴ ከተላወሰ፣ እሷ ናት ቀድማ የምትሰነጠቅ።»

ወጥ ቤት ተቀመጥን። ደረሰኝ ዘረጋች፣
የአርባ አንድ ዓመት፤ አንዷም አልጎደለች።
«እያት» አለች፣ «ይቺን ከዋጋው ሥር ያለችውን፣
መንግሥት በሕግ ቆርጦ ለሁሉ ያካፈላትን።
ወንዝ ዳር ቢሆን ቤትህ፣ ወይ ተራራ ጫፍ ላይ፣
ወይ ፓሪስ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ጎረቤትህ ሰማይ፣
ከመቶ ያው ነው እጁ። ድርጅቱ ቢጎመጅ
በአፈሬ አሳብቦ አይጨምርም፤ ተይዟል በአዋጅ።
መልካም ሕግ ነው» አለች። እኔም አልካድኩም።
«ግን» አለች፤ «ግን» ብላ ወዲያው አልቀጠለችም።

«ዋጋው ለሁሉ አንድ ነው። ካሳው ግን ስም ይጠራል።»

ድርቅ የመታው መንደር በዝርዝር ተለይቶ
የማዶው ተጠራ፤ የሷ ቀረ ተረስቶ።
መንገዱ ነው ድንበሩ፤ አምስት ሜትር አይሞላም፤
ድርቁ ግን ለመሻገር ፈቃድ አይጠይቅም።
ፊርማን፣ የማዶው ጎረቤት፣ ስንጥቁ ከሷ ይጠባል፤
ካሳውን ተቀብሎ መሠረት ያስቆፍራል።
በመስኮት ይታየናል፤ የሲሚንቶ ማሽኑ ይዞራል።
«ደግ ሰው ነው» አለች። «ጠዋት ጠዋት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።»

በአባቴ ቋንቋ መድንና መድኅን
አንዲት ፊደል ናት የምትለያቸው፤
አንዱ ነፍስን፣ አንዱ ጣራን ሊያድን ነው የተባለው።
ያቺ የጎደለች ፊደል የት ወድቃ ይሆን ስል፣
«ወጣቱ፣ ትለካለህ ወይስ ታስባለህ?» አለችኝ በመሐል።

ለካሁ።
«ስንት?»
«ሰባት።»
«ሰባት ብቻ?»
«ሰባት ነጥብ አንድ።»
«ነጥቧን እንዳትረሳት። ነጥብ ነው ቤት የሚንድ።»

ቅጹ ላይ ጥያቄ አለ፦ «መንደሩ በአዋጅ ተጠርቷል?»
«አልተጠራም» ላይ ጭረት አደረግሁ፤ የቀረው ባዶ ሆኗል።

ማታ ቤቴ ገባሁ፤ የራሴን ውል አወጣሁ፤
ከታች ያችኑ መስመር፣ ያችኑ እጅ አየሁ፦
ሃያ ስድስት ዩሮ፣ በዓመት፣ ለማላውቀው ሰው ግድግዳ።
ዛሬ ግን አውቀዋለሁ፤ አቧራው አለ በጣቴ፣ እንደ ዕዳ።
ገንዘቤ ከኪሴ ወጥቶ፣ በፓሪስ በኩል አልፎ፣
ሞርቪዬ ድረስ ሄዶ፣ ወደ ማዶ ይታጠፋል፣ የሷን ደጅ ገድፎ።

ጥቅምት ላይ ደወለች። ድምጿ የልጅ ድምፅ መስሏል።
«መስታወቴ ሌሊት ጧ አለ፤ ለሁለት ተከፍሏል።
ቀኑን ጽፌዋለሁ፣ ሰዓቱንም፤ ሃያ ሦስት ሰው ፈርሟል፤
ከንቲባው ማመልከቻውን ነገ እንደገና ይልካል።
አሁን ማስረጃ አለኝ» አለች። ትስቅ ነበር።
ከሣቋ ኋላ ይሰማኛል
የአሸዋ መንጠባጠብ፣ ቀስ ብሎ፣ ከግድግዳው ሥር።

«ና» አለች፤ «ሰፋ ያለ ማስመሪያ ይዘህ ና።»